ቀማሪው አንበሶችን ሟች ያደረጉበት ገድል

አሮጌው ኮምፒውተር በተሻረ፣ አዲሱም በጠረጴዛው ላይ በነገሠ በሁለተኛው ዓመት፣ በዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በዘመነ ሢመታ ለአለቃይቱ ለእመቤት ባለመነጽር፣ ቀማሬ አራዊት ወመፍቀሬ አንበሳ፣ ጎሽን በኮምፒውተር ስሌት የሚያረቡ፣ ልባቸው ግን እጅግ ከመራራቱ የተነሣ በቤታቸው በረሮ እንኳ የማይገድሉት ክቡር ቀማሪ የሠሩት ሥራ ይህ ነው።

በዚያም ማለዳ እመቤት ባለመነጽር እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦ «አንበሳውና አዳኙ ስንት ጎሽ እንደሚጨርሱ እስከ ከሰዓት በኋላው ስብሰባ ድረስ የሚታመን ስሌት ካልቀረበ፣ የአደን ፈቃዱ እንደ አምናው በግምት ይሰጣል! ኋላ ሰው እንዳትወቅሱ!» ቀማሪውም ይህን ሰምተው ደነገጡ፤ የአምናው ግምት መንጋውን እንዴት እንዳሳሳው በዓይናቸው አይተዋልና።

ስለዚህም እጅጌያቸውን ሰብስበው ለዘመቻ ተነሡ፤ በቀኛቸው ጎሽ ቆጣሪዋ ከነአቧራ ጫማዋ፣ በግራቸው ካርታ ሠሪው ከነጉንፋኑ፣ በኋላቸውም ሲያቃስት የሚውለው ቬንቲሌተር ተሰለፉ። ስሌቱን የሚያስጀምረውንም ቁልፍ በተጫኑ ጊዜ በስክሪኑ ላይ ያሉት ጎሾች አለቁ። አዳኞቹን ቢቀንሱ አለቁ፤ አዳኞቹን ጠራርገው ቢያባርሩም ያው አለቁ። ካርታ ሠሪው ተስፋ ቆርጦ ምሳ ወጣ።

ቀማሪው ግን ንቅንቅ አላሉም፤ አንገታቸውን አስግገው ቢመለከቱ፣ የመጨረሻው ጎሽ ካለቀ በኋላ ምንም ሳይበሉ፣ አንድም ሳይጎድሉ መቶ ዓመት የሚኖሩ አንበሶችን አዩ። ያን ጊዜ ትዝ አላቸው፤ ስሌቱን መጀመሪያ ሲሞክሩ አንጀታቸው አልችል ብሎ የአንበሶቹን ሞት ዜሮ አድርገው፣ በዚያው ረስተውታል። ለካ ለአንበሳ ያዘኑት ሐዘን ኖሯል ጎሹን የፈጀው! ከዚያም ብድግ ብለው ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ አወጁ፦ «ከዛሬ ጀምሮ አንበሳ ሁሉ ይሙት! የራበውም ይሙት፣ ያረጀውም ይሙት!» ጎሽ ቆጣሪዋ ሻይዋን ደፋች።

ዜሮውንም ሰርዘው ስሌቱን ቢደግሙት፣ እነሆ አንበሶቹ እንደ ፍጥረታቸው ተወለዱ፣ ሞቱም፤ ጎሾቹም አገገሙ፤ የአምናው አደን ቢደገም መንጋው እንደሚጠፋ፣ ቢቀነስ ግን እንደሚተርፍ ስሌቱ ለየ። እመቤት ባለመነጽርም በስብሰባው መካከል «ፈቃዱ በግማሽ ይቀነስ!» ሲሉ አወጁ፤ ቀማሪውም በደስታ ዕንባቸው መጣ።

በድልም ወደ ቤታቸው ገብተው፣ መታጠቢያ ቤት አንድ በረሮ ቢገጥማቸው፣ ወንበር ላይ ወጥተው ባለቤታቸውን ተጣሩ። ይህም ከክብራቸው ምንም አያጎድልም። አንበሳን ሁሉ በአንድ ቃል ለሞት ላስገበሩ፣ ስማቸውን የማያውቀውን ጎሽ ከጥፋት ላተረፉ ለእርሳቸው ውዳሴ ይድረስ፤ ለባለቤታቸውም ነጠላ ጫማ እንዲሁ።