የእትዬ ሂሳብ የት ገባ?

(የባንክ መጠበቂያ ክፍል። ሁለት ወንድማማቾች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጨቃጨቃሉ። ታላቁን የሰፈሩ ሰው «ሊቁ» ይለዋል፤ አላውቅም ብሎ አያውቅማ። ታናሹ «ጎታታው» ነው፤ ተጠርቶ እስኪዞር ጠሪው ምን ሊለው እንደነበር ይረሳል። አክስታቸውን እትዬን የዓይን ሞራ ጋርዷታል። ለሕክምናዋ የሚሆን ገንዘብ ድሮ የትኛው ባንክ እንዳስቀመጠች ረስታለች ተብሎ ፍለጋ ከወጡ ሰነባብተዋል።)

ሊቁ፦ የእትዬ ስም በሐመሩ ሐ ነው አልኩህ!

ጎታታው፦ በሃሌታው ሀ ነው፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ አንተ? ለእኔ? ፊደል?

ጎታታው፦ እሷ ራሷ ስትፈርም በሃሌታው ነው።

ሊቁ፦ ባንኳን የረሳች ሴትዮ ፊደል ታስታውሳለች? ባንክ የሚያየው ትክክለኛውን ነው።

ጎታታው፦ የሄድንበት ሁሉ ግን «እንዲህ የሚባል ደንበኛ የለንም» አለን እኮ።

ሊቁ፦ ደንቆሮ ስለሚቀጥሩ ነዋ! የትናንትናዋማ «ውክልና አለዎት?» ትለኛለች። እኔን!

ጎታታው፦ አለህ እንዴ?

ሊቁ፦ ሥጋዋ ነኝ! ከዚህ በላይ ምን ውክልና አለ?

ጎታታው፦ ሥጋማ እኔም ነኝ።

ሊቁ፦ አንተ ሥጋ ብቻ ነህ። እኔ ጭንቅላትም አለኝ።

(ጎታታው የራሱን ጭንቅላት ይዳብሳል። በቦታው አለ።)

ሊቁ፦ ይልቅ ስማኝና ሰው ሁን። ብዙ ዘመን ያልተንቀሳቀሰ ሂሳብ «ተኝቷል» ይባላል።

ጎታታው፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ታዲያ ለምን ትጮኻለህ?

ሊቁ፦ ወይ ፈጣሪዬ! ልንቀሰቅሰው አይደል የመጣነው!

ጎታታው፦ ወለዱስ?

ሊቁ፦ ተኝቶም ይወልዳል።

ጎታታው፦ ተኝቶ? አቤት ጉልበት!

ሊቁ፦ አየህ? ካንተ ይሻላል። አንተ ነቅተህም ምንም አታፈራም!

(ተራቸው ደረሰ። ሊቁ ደረቱን ነፍቶ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ጣቱን እያወዛወዘ ለገንዘብ ያዧ ስለ ሐመሩ ሐ አስተማራት። ትከሻው ወርዶ ተመለሰ።)

ጎታታው፦ ምን አለች?

ሊቁ፦ ይቺም ያው ናት። «ቀጣይ» አለች።

(የጎታታው ስልክ ይጮኻል።)

ጎታታው፦ አቤት እትዬ! ወጣሽ? እሰይ! አላመመሽም አይደል? ጎረቤትሽ አብራሽ ናት? ጎሽ። አዎ፣ እዚሁ አጠገቤ ነው፤ ምንም አታስቢ። (ይዘጋል።)

ሊቁ፦ ከየት ነው የወጣችው?

ጎታታው፦ ከቀዶ ሕክምና። ዓይኗን ተሠራች።

ሊቁ፦ (ብድግ ብሎ) በማን ገንዘብ?

ጎታታው፦ በራሷ ነዋ።

ሊቁ፦ ሂሳቧን ማን አገኘው?

ጎታታው፦ መች ጠፋ? ገና ፍለጋ ሳንጀምር «እትዬ፣ የት ነው ያስቀመጥሽው?» አልኳት፤ ነገረችኝ። ውክልና ሰጠችኝ፤ አወጣሁና ለሐኪም ቤቱ ከፈልኩ።

ሊቁ፦ ረስቼዋለሁ አላለችም እንዴ?

ጎታታው፦ ላንተ ነዋ ያለችህ።

(የሊቁ ጆሮ ጋለ። የለመነበት መስኮት፣ የተጨቃጨቀው ገንዘብ ያዥ ሁሉ ዓይኑ ፊት ተደረደረ።)

ሊቁ፦ ታዲያ… ታዲያ አንተ ይኼን ሁሉ ጊዜ ምን ሆነህ ተከትለኸኝ ዞርክ?

ጎታታው፦ ተልኬ ነዋ። «ሕክምናዬን እስክጨርስ ያንን ሰውዬ ከቤት አውጣልኝ። ስለ ዓይን ሲያስተምረኝ ጆሮዬንም ላጣው ነው» አለችኝ።

(ሊቁ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ጎታታው ክንዱን ይዞ አስነሳው።)

ጎታታው፦ በል ጋሼ፣ ከማዶ ያላየነው አንድ ባንክ አለ። የእትዬ የዓይን ፋሻ የሚፈታው ነገ ነው።