ዶና ዙሌይዴ አሥራ ሁለቱን ራይሙንዶዎች ከአንድ ቁልፍ ያወጡበት ዜና

የመስኮት እመቤት፣ የማኅተም ባለቤት፣ የሰልፍ ሥርዓት ጠባቂ ዶና ዙሌይዴ በሳንታሬም ወደብ በቲኬት ቤቱ በርጩማ ላይ በተቀመጡ በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት፣ ኮምፒውተር ወደዚያ ቤት በገባ በሦስተኛው፣ የታፓዦስ ወንዝ መጉደል በጀመረ በሁለተኛው ወር፣ በነሐሴ በሃያ አራተኛው ቀን፣ በቅዱስ ራይሙንዶ ኖናቶ በዓል ዋዜማ፣ ይህ የምንጽፈው ነገር ሆነ። የሆነውም ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት ነው። ደም አልፈሰሰም፤ የፈሰሰው ላብ ነው፣ እርሱም ብዙ ነው።

አስቀድመን ስለ መርከቢቱ እንናገር። ስሟ «የታላቁ ሐይቅ ኮከብ» ይባላል፤ ባለ ሁለት ፎቅ የእንጨት መርከብ ናት፤ ወንበር የላትም፤ ተሳፋሪዋ ሁሉ የጨርቅ አልጋውን ጠቅልሎ ይመጣና በተሰጠው የመስቀያ ቁጥር ከጣሪያዋ ላይ አንጠልጥሎ፣ እየተወዛወዘ፣ የጎረቤቱን እግር እየገፋ ይሄዳል። ዘጠና ነፍስ እንድትጭን ተፈቅዶላታል፣ ከዚያ አንድ እንኳ እንዳትጨምር። ገዥዋ ድምፀ ነጎድጓድ ካፒቴን አዳሞር ነው፤ እርሱም የዶና ዙሌይዴ የሟች ባላቸው ታናሽ ወንድም ሆኖ፣ በወንዙ ላይ ማንንም የማይፈራ፣ በየብስ ላይ ግን እርሳቸውን የሚፈራ ነበር።

ወበውእቱ ዘመን፣ ማለትም በዚያ ዘመን፣ ዶና ዙሌይዴ በአምሳ ስምንት ዓመታቸው በደብሩ አዳራሽ አርባ ቅዳሜ ተመላልሰው የኮምፒውተር ቋንቋ ተምረው ነበር። የቋንቋዋ ስም ሉዋ ነው፤ በአገሬው አፍ ጨረቃ ማለት ነው፤ የተወለደችውም እዚያው አገር፣ ሪዮ ከተማ ስለሆነ «የእኛው ልጅ» ይሏት ነበር። በዚህች ቋንቋ ሠንጠረዥ የሚባል አለ። ላኖርኸው ነገር ሁሉ ቁልፍ ትሰጠዋለህ፤ በኋላ ቁልፉን ስትጠራ ያኖርኸውን ያወጣልሃል። ዶና ዙሌይዴም የተሳፋሪውን ስም ቁልፍ አደረጉ፤ በቁልፉም የመስቀያውን ቁጥር አኖሩ። «ኤዲልዛ» ብለው ሲጠይቁት «አርባ አንድ» ይላቸዋል። የወረቀቱ ዝርዝር ቀረ፤ ሦስት ወር እንዲህ ሆኖ ሄደ፤ ወደቡም ተደነቀ፤ አሳ ሻጮቹ ሳይቀሩ በመስኮቱ አንገታቸውን እያስገቡ ያዩ ነበር።

ነገር ግን ሠንጠረዡ አንድ ጠባይ ነበረው። አንድ ቁልፍ አንድ ነገር ብቻ ይይዛል። በዚያው ቁልፍ ሁለተኛ ሰው ቢመጣ፣ ሳያንኳኳ፣ ሳይሳል፣ ይቅርታም ሳይል የፊተኛውን አስወጥቶ አዲሱን ያስገባል።

በዚያ ወንዝ ዳር ደግሞ እናት ምጥ የጠናባት እንደሆነ ለቅዱስ ራይሙንዶ ኖናቶ ትሳላለች፤ ልጁም በደኅና የወጣ እንደሆነ ስሙን ይወርሳል። ኖናቶ ማለት ያልተወለደ ማለት ነው፤ ቅዱሱ የእናቱ ማሕፀን ተቀዶ የወጣ ነውና። ስለዚህ በየዓመቱ በዋዜማው ቀን ባለ ስሞቹ ሁሉ ማዶ ወዳለችው የበዓሉ መንደር ይሻገራሉ። በዚያ ቀን ዶና ዙሌይዴ በሰልፉ ብዛት ተይዘው፣ የስሙን መመሳሰል ልብ ሳይሉ፣ ራይሙንዶ ኖናቶ ብለው ጻፉ፤ ደግመው ጻፉ፤ አሥራ ሁለት ጊዜ ጻፉ።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ የወንዙ ተቆጣጣሪ ኢንስፔክተር ግራሲሌኔ ሰማያዊ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው መጡ። በላይኛው ፎቅ ሄዱ፣ በታችኛው ሄዱ፣ ራስ ራሱን በእስክሪብቶ እየነኩ ቆጠሩ፤ ዘጠናም ሆነ። ከዚያ ከኮምፒውተሩ የወጣውን ዝርዝር ተቀበሉ፤ ሰባ ስምንት ሆነ። ሁለተኛ ቆጠሩ፤ አልተለወጠም። በመተላለፊያው ድልድይ ላይ ቆመውም ስም መጥራት ጀመሩ፤ ከጥቂት ስም በኋላም፦

«ራይሙንዶ ኖናቶ!»

«አቤት!» አሉ አሥራ ሁለት ወንዶች ባንድ አፍ፤ ወንዙም አስተጋባ።

«አንድ ሰው ነው የጠራሁት!»

«እኮ፣ እኔ ነኝ!» አሉ አሥራ ሁለቱም።

ከሁሉ የሚበልጡት ሽማግሌ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ቆባቸውን አነሡና፦ «ልጄ፣ እኔ ሰማንያ አንድ ዓመት ሙሉ ራይሙንዶ ነኝ። እነዚህ ትናንት የመጡ ናቸው፤ እኔን ጻፊና ሌላውን ለእግዜር ተይለት» አሉ። ሳቁም መርከቢቱን አወዛወዛት።

ኢንስፔክተር ግራሲሌኔ ግን አልሳቁም። እንዲህ ሲሉም አዋጅ አስነገሩ፦ «ስሙኝ! አሥራ ሁለት ነፍስ ከዝርዝሩ ጎድሏል። ዝርዝሩና ሰዉ እኩል እስኪሆን ይቺ ጀልባ ገመዷን አትፈታም። ከሰባት ሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ዝርዝሩ ቢሞላም አልፈቅድም። በዓሉን እዚሁ ታከብራላችሁ።»

ይህን በሰሙ ጊዜ የዶና ዙሌይዴ ፊት እንደ በርበሬ ቀላ። ወደ ማሽኑ ዞረው «ራይሙንዶ ኖናቶ» ብለው ጠየቁት። «ሰማንያ ሦስት» አላቸው፤ በመጨረሻ የመጣውን፤ ሌላውን እንደማያውቅ ሆነ። ያን ጊዜ ገባቸው። አሥራ አንዱን ያልተወለዱ ያደረጋቸው ማሽኑ አልነበረም፤ ስምን ቁልፍ ያደረጉት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። የአሥራ ሁለተኛው ጉድለት ግን ከየት እንደ መጣ ገና አላወቁም።

ካፒቴን አዳሞር በመስኮቱ አጎንብሶ፣ ድምፁን እንደ ሹክሹክታ አድርጎ፣ ማለት ሦስት መርከብ ድረስ እንዲሰማ አድርጎ፦ «እትዬ ዙሌ፣ ምን ያስጨንቅሻል? ‹ከነዚህ ሌላ አሥራ ሁለት ሰዎች› ብለሽ ከታች በእጅሽ ጻፊበትና እንሂድ። ማን ያየዋል?» አለ።

ዶና ዙሌይዴ መነጽራቸውን አወለቁ። «አዳሞር፣ ቫልዴሲርን ረሳኸው?»

ካፒቴኑ ቀና አለ፤ ኮፍያውንም አወለቀ። ቫልዴሲር የዶና ዙሌይዴ ወንድም ነበር። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አንዲት ጀልባ ላይኛው ወንዝ ላይ ስትገለበጥ እርሱ ውስጧ ነበር። ጠላቂዎቹ በዝርዝሩ ያለውን ሰው ቆጥረው ሲሞላላቸው ፍለጋውን አቆሙ፤ የቫልዴሲር ስም ግን በዝርዝሩ አልነበረም። ያገኙት ዓሣ አጥማጆች ናቸው፣ በዘጠነኛው ቀን። ዶና ዙሌይዴ በአምሳ ስምንት ዓመታቸው አርባ ቅዳሜ የተማሩት ለሌላ ነገር አልነበረም።

«ይቅርታ፣ እትዬ» አለ ካፒቴኑ። «ምን ላድርግ?»

«ራይሙንዶዎቹን በሙሉ አምጣልኝ። ከነመስቀያ ቁጥራቸው።»

እርሱም በመለከት ድምፁ ጠራቸው፤ እነርሱም ወደ መስኮቱ መጡ። የሰልፋቸውም ሥርዓት እንዲህ ነበር፦ በፊት ሽማግሌው ራይሙንዶ፣ ባለ ቆቡ፤ ቀጥሎ ራይሙንዶ ጥርሰ ወርቅ፤ ቀጥሎ ከአሳ ገበያ የመጣ፣ ከርቀት የሚታወቅ ራይሙንዶ፤ ቀጥሎ ከሚስቱ ጋር የተጣላው ራይሙንዶ እና የሚስቱ ወንድም ራይሙንዶ፣ በመካከላቸው አንድ ክንድ ተራርቀው፤ የካሳቫ ዱቄት ጆንያ ከትከሻው ያላወረደው ራይሙንዶ፤ በእንቅልፉ መካከል የተቀሰቀሰ ራይሙንዶ፤ ሦስት ራይሙንዶዎች ከአንድ መንደር፣ ልዩነታቸው የማይታወቅ፤ በመጨረሻም፣ እናታቸው በሁለቱም ምጥ ስለ ተሳለች ለሁለቱም አንዱን ስም የሰጠቻቸው መንትዮች።

«የአባታችሁን ስም ብጨምር እንኳ እናንተን አይለያችሁም» አሉ ዶና ዙሌይዴ መንትዮቹን እያዩ። «እናታችሁ ምን ነክቷት ነው?»

«ፈርታ ነዋ» አለ አንደኛው መንታ። «ስእለት ላይ ንፉግ መሆን ደግ አይደለም ትል ነበር።»

ዶና ዙሌይዴም ጣታቸውን በፊደል ገበታው ላይ አሳርፈው ሠንጠረዡን ገለበጡት። ስሙን ከቁልፍነት ሻሩት፤ የመስቀያውን ቁጥር በቦታው ሾሙት። ሁለት ሰው አንድ ስም ሊኖረው ይችላል፤ ሁለት አልጋ ግን በአንድ መስቀያ አይንጠለጠልም። የተቀረውን ሕዝብ ከቲኬቱ ጉርድ እያዩ፣ ራይሙንዶዎቹን ከአፋቸው እየሰሙ፣ አንድ በአንድ ከተቱ። ላቡ ከግንባራቸው ወደ መነጽራቸው ወረደ። ለሰባት ሩብ ጉዳይ ሆነ። ቁጠር አሉት።

ሰማንያ ዘጠኝ።

«አንድ ሰው ብቻ!» አለ ካፒቴን አዳሞር። «ኢንስፔክተር፣ አንድ ሰው ምንድነው?»

«አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ነዋ» አሉ ኢንስፔክተር ግራሲሌኔ።

ወዲያው ከመስቀያ አርባ አንድ ለቅሶ ተሰማ። ኤዲልዛ የምትባለው እናት የአሥራ ሰባት ቀን ልጇን በደረቷ ላይ አድርጋ፣ በአንድ አልጋ ተኝታ ነበር። ሕፃኗ መስቀያ አልነበራትም፤ መስቀያ የሌለውን ደግሞ አዲሱ ሠንጠረዥ አያውቅም። ዶና ዙሌይዴም አልተቈጡም፤ «አልጋስ እንዴት ሰው ይለያል?» አሉና የመስቀያውን ቁጥር ደግሞ ሻሩት። የቲኬቱን ቁጥር ቁልፍ አደረጉ፣ በቁልፉም ስምን አኖሩ፤ ቲኬት ለሚጠባም ለሚያረጅም ለእያንዳንዱ የራሱ ይቆረጣልና። ለሕፃኗ ቁጥር ዘጠና ቲኬት ቆረጡላት። ስሟ የሚገባበትን ቦታ ባዶ ትተው፣ ማሽኑን ዳግመኛ ቁጠር አሉት።

ሰማንያ ዘጠኝ።

ሽማግሌው ራይሙንዶ አማተቡ። ዶና ዙሌይዴ ብቻ፣ ከብዙ ቅዳሜዎች አንዷን አስታውሰው፣ ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያች ቋንቋ ሕግ፣ ቁልፍ ይዘህ በውስጡ «ምንም» ብታኖር፣ ቁልፉም ራሱ እንዳልነበረ ይሆናል። ስም የሌላት ሕፃን በሠንጠረዡ ውስጥ የለችም።

በመስኮቱ ብቅ ብለውም፦ «ኤዲልዛዬ፣ የልጅሽ ስም ማነው?» አሉ።

«አልናገርም» አለች ኤዲልዛ። «ነገ ቄሱ ናቸው መጀመሪያ የሚጠሯት። ከዚያ በፊት አይነገርም።»

«ራይሙንዳ በያት!» አሉ አሥራ ሁለቱ።

«ዝም በሉ እናንተ! ሞልታችኋል!» አለች፤ ሳቁም ዳግመኛ ተነሣ። ነፋሱ ግን ውሃውን መጨማደድ ጀምሮ ነበር፤ ሰባት ሰዓት ሊሞላም አምስት ደቂቃ ቀረው። ዶና ዙሌይዴ እዚያ ዙፋናቸው ላይ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አድርገው የማያውቁትን አደረጉ፤ ወጥተው፣ ድልድዩን ተሻግረው፣ በአልጋዎቹ ሥር እያጎነበሱ እስከ አርባ አንድ ደረሱና፦ «ልጄ፣ የሰው ስም እየጠፋ ቢቀር ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ለእኔ ብቻ በጆሮዬ ንገሪኝ። ለማንም አልናገርም» አሏት። ኤዲልዛም አየቻቸው፤ ቆይታም አንገቷን ዘርግታ በጆሯቸው ነገረቻቸው። ዶና ዙሌይዴ ፈገግ አሉ፤ ሕፃኗንም በጣታቸው ጫፍ ግንባሯን ነክተው ተመለሱ፤ ማሽኑንም በመዳፋቸው ከልለው ጻፉ።

ዘጠና።

ኢንስፔክተር ግራሲሌኔ አዲሱን ዝርዝር ተቀብለው ጮክ ብለው ጠሩ። አሥራ ሁለቱም ራይሙንዶ ኖናቶዎች እያንዳንዳቸው በቁጥራቸው አቤት አሉ፤ መንትዮቹም ሳይቀሩ ተለዩ። ዘጠና ላይ በደረሱ ጊዜ ከንፈራቸው ተከፈተ። ኤዲልዛን አዩ። ከንፈራቸውን ገጥመው ስሙን በልባቸው አነበቡት፤ ምልክትም አደረጉበት፤ «ይሂዱ» አሉ።

ገመዱ ተፈታ። ካፒቴን አዳሞርም ከመሪው ቤት፦ «እትዬ ዙሌ! ስንደርስ ቆጥሬ እደውላለሁ!» ብሎ ጮኸ። ዶና ዙሌይዴ የቀዘቀዘ የተጠበሰ ዓሣቸውን በካሳቫ ዱቄት እየፈተፈቱ፣ መስኮቱን ሳይዘጉ፣ መርከቢቱ የዱቄት ቅንጣት እስክታክል ድረስ አዩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስልኩ ጮኸ። «ዘጠና ወጣን፣ ዘጠና ወረድን» አለ አዳሞር። እርሳቸውም «እሺ» ብለው ስልኩን አኖሩና መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉ።

እንግዲህ ሌሎች ዜና ጸሐፊዎች ከተማ ያፈረሱትን ያመስግኑ፤ እኛ ግን ዶና ዙሌይዴን እናመሰግናለን፤ ሁለት ጊዜ ቁልፍ የሻሩ፣ በሦስተኛው የሾሙ፣ ያልተወለዱትን የወለዱ፣ በእጅ ጽፎ ማለፍን የናቁ፣ ዙፋናቸውን ትተው በአልጋ ሥር ያጎነበሱ፣ ስማቸው በወንዙ ርዝመት ይርዘም። የሰማንያ ዘጠኙን ሰው ስም ከነቁጥሩ ይህ ጸሐፊ ያውቃል፤ የዘጠናኛዋን ቢጠይቃቸው ግን «ቄሱን ጠይቅ» ብለው መስኮቱን ዘጉበት።