ኢንስፔክተሩ ፊት «የፈለጋችሁትን ጻፉ» ያልኩ ቀን

ወዳጆቼ፣ ስድሳ ዓመት ገደማ የደበቅኩትን ጉድ ዛሬ ልለጥፈው ነው። ቁጭ ብላችሁ አንብቡ!

ጋዜጠኛ ከመሆኔ በፊት፣ በሃምሳዎቹ፣ አሰበ ተፈሪ አምስተኛ ክፍል አማርኛ አስተምር ነበር።

ሥራዬ ሁሉ በፕላን ነው። ሰላምታ ሁለት ደቂቃ፣ ከሰሌዳ መገልበጥ ሠላሳ ደቂቃ። ፕላን ያልወጣለት ማስነጠስ ብቻ ነበር!

በክረምት ኮርስ ግን አንድ አሠልጣኝ «ተማሪውን ልቀቁት፣ በራሱ ያስብ» አለን። ወደድኩት።

መቼ ልሞክረው ወሰንኩ መሰላችሁ?

የትምህርት ኢንስፔክተር ከሐረር የመጣ ዕለት!

ዳይሬክተሩ «ካልወደደህ ቦርደዴ ትዛወራለህ» ብሎኛል። የቦርደዴን ሙቀት የቀመሰ ያውቀዋል። ባለቤቴ ደግሞ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ወሯ ገብቷል።

ኢንስፔክተሩ ከኋላ ተቀመጠ። እኔም እጄን ዘርግቼ «ዛሬ ነፃ ናችሁ! የፈለጋችሁትን ጻፉ!» አልኩ።



አንድ እርሳስ አልተንቀሳቀሰም። በመጨረሻ አህመድ ተነሣ፤ ከሰዓት ገበያ ጫት የሚሸጥ፣ በዕድሜ እኔን የሚያህል ተማሪ ነው።

«ቲቸር፣ የፈለግነውን ሰሌዳ ላይ ይጻፉልንና እንገልብጥ።»

«ከራሳችሁ ነው እንጂ!»

«ከራሳችን ምን እናምጣ? ወላሂ ገና አልነገሩንም!»

የእጄን አገኘሁ። ኢንስፔክተሩ ማስታወሻው ላይ የሆነ ነገር ጫረ። የቦርደዴ ወበቅ እዚያው ክፍል ውስጥ ደረሰኝ!

ላቤን ጠርጌ «እሺ፣ ጠዋት ስትመጡ ያያችሁትን አንድ ነገር፣ በሦስት ዓረፍተ ነገር» አልኩ።

እርሳስ ሁሉ ሥራ ጀመረ! ደረቴን ነፋሁ።

ኢንስፔክተሩ የአህመድን ወረቀት አንሥቶ ጮክ ብሎ አነበበ፦

«ቲቸርን ከቤታቸው ጓሮ አየኋቸው። ለታሰረች በቅሎ ‹ዛሬ ነፃ ናችሁ› እያሉ ያስተምሩ ነበር። በቅሎዋ ዝም አለች።»

ሌላ ወረቀት አነሣ። በቅሎ።

ሦስተኛ። በቅሎ!

እውነት ነው፣ ማልጄ ተለማምጃለሁ። የጓሮው መንገድ የተማሪ መንገድ መሆኑን ረስቼ! ሦስት የዓይን ምስክር፣ አንድ ዓይነት ቃል። 

ኢንስፔክተሩ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «በቅሎዋንም ‹በሦስት ዓረፍተ ነገር› ብትላት ኖሮ ትመልስልህ ነበር» አለኝ። «በል እዚሁ ሥራህን ቀጥል።»

ልጃችንም እዚያው አሰበ ተፈሪ ተወለደች።

ገደብ ሳላበጅ ነፃነት ብሰጣቸው አፈጠጡብኝ። ገደቡን ሳበጅላቸው ነፃነታቸውን እኔው ላይ ተለማመዱት! መምህራን ወዳጆቼ፣ እስቲ እውነቱን አውጡት፤ እናንተስ የምትለማመዱት ማን ፊት ነው?