ማዳም የደነገጠች ዕለት

[ካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ፤ ወደብ ዳር ያለች ትንሽ መንደር። ሚያዝያ፣ አመሻሽ ላይ። ሎብስተር የሚባለው ቅርፊታም የባሕር እንስሳ የሚፈለፈልበት ፋብሪካ ሠራተኞች የሚኖሩበት ቤት ወጥ ቤት። ሁለት ፊሊፒናውያን ከሥራ ገና መግባታቸው ነው። ጠና ያለው ዶሚ ደረቅ ዓሣ ይጠብሳል። ዶሚን «ኩያ»፣ ታላቅ ወንድሜ፣ እያለ የሚጠራው ፒሎ መስኮቱን ይከፍታል።]

ዶሚ፦ ዝጋው!

ፒሎ፦ ይሸታል፣ ኩያ።

ዶሚ፦ ዓሣ ነዋ! ቀኑን ሙሉ ሎብስተር ስትፈለፍል ውለህ አሁን ነው አፍንጫ ያወጣኸው?

ፒሎ፦ እኔንማ አይሸተኝም። ፎቅ ያሉት ናቸው። ባለፈው የሞተ ነገር አለ ብለው ቧንቧ ሠሪ ጠርተው ነበር።

ዶሚ፦ ቧንቧውም ተሠራልን። ምን ጎደለህ? ዝጋው፣ ብርዱ ገባ።

[ፒሎ ይዘጋዋል።]

ፒሎ፦ ኩያ፣ ዛሬ ማዳም ቢሮ ገብተህ ነበር አሉ።

ዶሚ፦ ማን አለ?

ፒሎ፦ ሁሉም። አዲስ ሸሚዝ ከነጎማ ቦቲህ ለብሰህ ስታልፍ ሠራተኛው ሁሉ ቢላውን አስቀምጦ አየህ።

ዶሚ፦ ስለ መኖሪያ ወረቀቱ ልጠይቃት ነው የገባሁት። ቁጭ በልና ስማ፣ ትማርበታለህ። በዚህ ፕሮግራም ቋሚ መኖሪያ የሚገኘው በአሠሪ በኩል ነው። መጀመሪያ ማዳም «ይሄ ሰው ያስፈልገኛል፣ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራው ሥራ አለኝ» ብላ ትፈርማለች። ከዚያ ክፍለ ሀገሩ ያጸድቃል። ከዚያ ፌደራሉ። እሷ ካልፈረመች ግን ክፍለ ሀገሩም ፌደራሉም አያውቁህም። ገባህ?

ፒሎ፦ ገብቶኛል። እኔም እኮ...

ዶሚ፦ ዝም ብለህ ስማ። እኔ ጊዜ የለኝም። ማሪሴል መስከረም ላይ ሃያ ሁለት ትሞላለች። ማመልከቻው ከዚያ በፊት ካልገባ፣ ልጄ ተብላ ከእኔ ጋር አትቆጠርም። ሕጉ ነው። እናቷን ስትቀብር እኔ በስልክ ነው ያየሁት። ብቻዋን ነበር የቆመችው።

[ዓሣውን ያገላብጣል።]

ፒሎ፦ እና ማዳም ምን አለች?

ዶሚ፦ ደነገጠች።

ፒሎ፦ ደነገጠች?

ዶሚ፦ «ማዳም፣ ስፖንሰር ያደርጉኛል ወይ?» አልኳት፣ በጨዋ ደንብ። የበረዶ ውሃ እንደደፉባት ሁሉ ትንፋሿን ሳበችው። «ህእ!» አፏ እንኳ በቅጡ አልተከፈተም።

ፒሎ፦ ከዚያስ?

ዶሚ፦ ከዚያማ እኔ ሰው ነኝ፤ የሰው ፊት አነባለሁ። «ቀልዴን ነው፣ ማዳም» ብዬ ወጣሁ።

ፒሎ፦ አልጠራችህም?

ዶሚ፦ ጠራችኝ እንጂ! «ዶሚ! ዶሚ!» እያለች እስከ ማቀዝቀዣ ክፍሉ ድረስ ተከተለችኝ። ያዋረደችኝ አልበቃትም!

ፒሎ፦ ኩያ፣ ምናልባት...

ዶሚ፦ ምናልባት የለም። ይልቅ ስለ አንተ እናውራ። አንተ እንደ እኔ ልምድ የለህም። ዘለህ ገብተህ ብትጠይቃት ጭራሽ ራሷን ስታ ትወድቃለች። ስለዚህ እንለማመድ። አንተ ማዳምን ሁን፣ እኔ አንተን እሆናለሁ።

ፒሎ፦ እኔ ማዳም?

ዶሚ፦ ተቀመጥ። እግርህን አነባብር። ኮስተር በል። [አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን አጃጅሎ] «እንደምን አመሹ ማዳም። እኔ ፒሎ ነኝ። ትንሽ ቀርፋፋ ነኝ፣ ግን እሠራለሁ።»

ፒሎ፦ ይሄንንም ልናገር?

ዶሚ፦ እሷማ ታውቀዋለች፤ ለትሕትና ነው። «ሥራዬን ይወዱታል?»

ፒሎ፦ [ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ] ህእ።

ዶሚ፦ ምን ሆንክ? አጥንት ተሰነቀረብህ? ገና አልበላህም እኮ!

ፒሎ፦ ቀጥል፣ ኩያ።

ዶሚ፦ «እዚሁ መኖር እችላለሁ?»

ፒሎ፦ ህእ።

ዶሚ፦ ውሃ ጠጣ!

ፒሎ፦ ማዳምን ሁን አላልከኝም? አዎ እያልኩህ ነው።

ዶሚ፦ አዎማ ወደ ውጭ ነው የሚባለው!

ፒሎ፦ እዚህ ወደ ውስጥም ይባላል። እኛ አዎ ለማለት ቅንድባችንን እናነሳ የለ? መጀመሪያ ሰሞን ፎርማኑ «ቢላህን ስለሃል?» ሲለኝ ቅንድቤን አነሳለሁ። እንደገና ይጠይቀኛል፣ እንደገና አነሳለሁ። በመጨረሻ ዓይንህን ተመርመር ብሎ ሐኪም ቤት ላከኝ። እነሱ ደግሞ ትንፋሽ ይስባሉ። ሁሉም አይደሉም። ግን ማዳም፣ የማዳም እናት፣ የፖስታ ቤቷ ሴትዮ...

ዶሚ፦ የፖስታ ቤቷ ሴትዮ አስም አለባት!

ፒሎ፦ የለባትም።

ዶሚ፦ ቪክስ ገዝቼላታለሁ እኮ! «ዕቃው ማኒላ ይደርሳል?» ባልኳት ቁጥር ትንፋሽ ሲያጥራት አሳዝናኝ!

ፒሎ፦ ይደርሳል ማለቷ ነው።

ዶሚ፦ ቄሱስ? «ኃጢአቴ ይሰረይልኛል ወይ?» ስላቸው እሳቸውም «ህእ!» አሉ። ኃጢአቴ አስደንግጧቸው ነው ብዬ ይኸው ዓመት ሙሉ ንስሐ አልገባሁም!

ፒሎ፦ አምና ተሰርዮልሃል ማለት ነው።

[ዶሚ ወንበር ስቦ ይቀመጣል።]

ዶሚ፦ ማዳም እሺ ብላኝ ነው እኔ «ቀልዴን ነው» ያልኳት?

ፒሎ፦ ዓሣው አረረ።

ዶሚ፦ ይረር። አንተ ይሄን ሁሉ ከየት አመጣኸው?

ፒሎ፦ ጠይቄያት ነዋ፣ አምና። ትንፋሿን ስትስብ እኔም አልገባኝም ነበር። ግን እኔ ነገር ቶሎ ስለማይገባኝ፣ እስኪገባኝ እዚያው ቆሜ ጠበቅኩ። እስክሪብቶ አወጣች።

ዶሚ፦ እና?

ፒሎ፦ ባለፈው ሳምንት መጣልኝ። ቋሚ ነዋሪ ሆኛለሁ።

ዶሚ፦ አንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን! ምነው ሳትነግረኝ?

ፒሎ፦ ልነግርህ ስጀምር «ዝም ብለህ ስማ» ትለኛለህ። ደግሞ ስትመክረኝ ደስ ይልሃል።

[ዶሚ ብድግ ብሎ ኮቱን ያነሳል።]

ፒሎ፦ ወዴት ነው?

ዶሚ፦ ቤቷ። እግሯ ላይ እወድቃለሁ።

ፒሎ፦ ያኔ በእውነት ትደነግጣለች። ተቀመጥ። አንተ ሮጠህ ከወጣህ በኋላ እኔ ጋ መጥታ ነበር። «ዶሚ ስንት ልጅ አለው?» አለችኝ። አንዲት ሴት ልጅ፣ መስከረም ላይ ሃያ ሁለት ትሞላለች፣ እባክዎ ይፍጠኑለት አልኳት። ነገ ጠዋት መጥቶ ይፈርም ብላለች።

[ዶሚ ኮቱን እንደያዘ ይቆማል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ]

ዶሚ፦ «ቀልዴን ነው» ብያት?

ፒሎ፦ ነግራኛለች። እዚህ ከመጣህ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ስትቀልድ አይታህ ስለማታውቅ አላመነችህም።