ለብርዱ ብዬ የሸፈንኳት ተክል

ዛሬ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሳሎናችን ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። ማን የት እንደነበረ ልንገራችሁ፤ ማፈሬን በደንብ እንድታዩት።

ባለቤቴ ሐጂ በመስኮቱ ጥግ፣ ወንበራቸው ላይ። ልጄ ሐያት መሬት ላይ ተንበርክካ፣ እጅጌዋን ሰብስባ። ጎረቤቴ አስካለ በሩ ጋ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ። እኔ መሃል ላይ፣ እጄን የማስቀምጥበት አጥቼ።

አምስተኛዋ በሐጂ ወንበርና በግድግዳው መካከል ቆማለች። መቆም ከተባለ።

ፊድል ሊፍ ናት። በዚህ ገጽ ስለሷ ስለፈልፍ የከረምኩት፣ ያቺው! ፎቶዋን ስለጥፍ «እማማ ሉባባ፣ ምስጢሩን ይንገሩን» ብላችሁኝ ነበር።

ምስጢሩ ዛሬ ወጣ።

አዲስ ለመጣችሁ በአጭሩ ላስረዳ። ፊድል ሊፍ የሳሎን ተክል ናት። ቅጠሏ ከጎመን ይሰፋል፣ ግን አይበላም። ሐያት ናት ከአዲስ አበባ መኪና ላይ ጭና ያመጣችልኝ። «እማ፣ ሁላችንም ከቤት ወጣን፤ የምትንከባከቢው ነገር ይኑርሽ» አለችኝ።

ስድስት ልጅ ላሳደገች ሴት አንድ ተክል ምን ይከብዳል አልኩ።

ከበደ።

መመሪያውን ቪዲዮ አይቼ በደብተር ጻፍኩት። በሳምንት አንድ ቀን፣ ዓርብ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ። ከቦታዋ አትነቃነቅ። ቅጠሏ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። አንድም አላጓደልኩም! ከተማሪ ቤት ጀምሮ መመሪያ አክባሪ ነኝ።

ባቲ ገበያ ድረስ ሄጄ ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ገዛሁላት። ሻጯ «እናቴ፣ ታቹን ልብሳው?» ስትለኝ፣ «ተይው፣ ምንጣፌን ያረጥብብኛል» አልኳት።

ይቺን ያዙልኝ።

ሁለት ወር አማረባት። በሦስተኛው አንድ ቅጠል ጠቆረ። ቀጥሎ ሌላው። በኋላማ ጠዋት ጠዋት ከምንጣፉ ላይ ቅጠል መልቀም ሥራዬ ሆነ። የማሰሮው ጎን ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ እኔ ደግሞ ሸክላውም ሙቀቱ አልቦት ነው እላለሁ።

ኢንተርኔቱ «ብርሃን አንሷት ነው» አለ። ሐያት በስልክ «ሙቀቱ ነው» አለች። እኔ ግን በልቤ አስካለ ነች አልኩ።

አዎ፣ ጻፍኩት። ኮመንት ለመጻፍ አትቸኩሉ፣ ገና ነው።

አስካለ ሰላሳ ዓመት ጎረቤቴ ናት። ባሏ ለመንግሥት ሥራ ከሚሴ ሲመደብ አብራው መጣች፤ እሱ ሞተ፣ እሷ እዚሁ ቀረች። የጾሟን ቀኖች ከሷ እኩል አውቃቸዋለሁ። በረመዳን ስደክም ደጄን የምትጠርግልኝ እሷ ናት። በባዶ ጣሳ የሎሚና የፓፓያ ችግኝ እያፈላች ለሰፈሩ ታድላለች፤ እጇ የነካው ይበቅላል።

ተክሏ የመጣች ሳምንት ገብታ አየቻት። «ውይ ሉቤ፣ ስታምር!» አለች። «ማሻአላህ» አላለችም። ለልጆቼ ሲሆን ክርስቲያን ሆና እንኳን ረስታው አታውቅም። ለተክል ግን ማን ያስባል?

ቅጠሉ ሲጠቁር ትዝ ያለኝ ያ «ውይ» ነው።

ዓይን!

በአፌ ምንም አላልኳትም። እኔ ሰው ፊት የምናገር ሴት አይደለሁም። ያደረግሁት ከመናገር የባሰ ነው። ድምፅዋን ከደጅ በሰማሁ ቁጥር ሻሽ አንስቼ ተክሏን እሸፍናለሁ። ስትሄድ እገልጣለሁ።

አንድ ቀን ሻሹን ስገልጥ ተመልሳ ገባች። ጃንጥላዋን ረስታ ኖሯል። «ምነው ሸፈንሻት?» አለችኝ።

«ለብርዱ ነው» አልኳት።

ለብርዱ! ከሚሴ! በግንቦት!

አስካለ ሻሹን አየች፣ እኔን አየች። ጃንጥላዋን ይዛ ሄደች።

ይኸው አራት ወር ሆነው። በደጄ ስታልፍ ሰላምታ አጓድላ አታውቅም፤ ጨዋ ናት። ግን አልገባችም። እኔም አልጠራኋት። በዓይን የጠረጠርኳትን ሴት ምን ብዬ ልጥራት? የስፌት ክር ሲያልቅብኝ እንኳ ግድግዳውን አንኳኩቼ «አስካለ!» ማለት ቀረ። ሳሎኑ ውስጥ ድምፅ የሚባለው የሐጂ ሬዲዮ ብቻ ሆነ።

ዛሬ ሐያት መጣች። አምስት ቅጠል የቀራትን ተክል አየችና፣ እኔን ሳትጠይቅ እየሮጠች አስካለን ጠርታ መጣች። «ከእትዬ አስካለ በላይ ተክል የሚያውቅ ማን አለ?» ትለኛለች። ልጅት የሆነውን ከየት ታውቃለች?

አስካለ በሩ ላይ ቆማ፣ እንደ ድሮዋ «አከም ጅርቱ፣ ሐጂ?» ብላ በኦሮምኛ ደህንነታቸውን ጠየቀች። ሐጂ ፊታቸው በራ። «የት ጠፋሽ አንቺ? ሬዲዮውን እንኳን ናፈቅሽው!» አሏት።

ወደ እኔ ዞረች።

«እንደምን ዋሉ፣ ወይዘሮ ሉባባ?»

ወይዘሮ! በሰላሳ ዓመት አንድ ቀን ወይዘሮ ብላኝ አታውቅም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ግቡ እንጂ፣ እትዬ» አለቻት ሐያት። አስካለ ጫማዋን አወለቀች፤ መጥታ ማሰሮውን በጣቷ አንኳኳች። «አውጪያት እስቲ» አለች።

ሐያት ግንዷን ይዛ ሳበች። ተክሏ ምንም ሳታስቸግር ወጣች፤ የሚይዛት ሥር የለማ! ማሰሮው ውስጥ ውሃ ተንቦጫቦጨ። ሽታው የረጋ ኩሬ ነው። ሥሯ ጠቁሮ ሐያት እጅ ላይ ፈረሰ።

«ሰጥማ ነው» አለች አስካለ።

«አንድ ብርጭቆ ነው የማጠጣት! ዓርብ ዓርብ!» አልኩ። ደብተሬን ላመጣ ስነሳ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የኔስ የውዱእ ውሃ?» አሉ።

ሐጂ ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ ለሶላት የሚታጠቡት እዚያው ወንበራቸው ላይ ነው፤ በማንቆርቆሪያና በሳፋ። ሳፋውን ጓሮ ወስጄ ፓፓያው ሥር የምደፋው እኔ ነኝ። ሁሉንም ይመስለኝ ነበር።

«ሳፋው እንዳይከብዳት አንዳንድ ጣሳ እቀንስላታለሁ» አሉ ለሐያት። «እጄ የሚደርስበት ይቺ ማሰሮ ናት።»

«አባ! በቀን አምስት ጊዜ?»

«ምን ላድርግ ልጄ? የተከበረ ውሃ ነው፣ እግር የሚረግጠው ቦታ እንዳይፈስ ያለችኝ እናትሽ ናት። እኔማ ሰደቃ መስሎኝ!»

ብያለሁ። በዚሁ አፌ ብያለሁ።

ሐያት ስታመጣት «የዋርካ ዘመድ ናት» ብላኝ ነበር። እዚህ አጠገባችን ጨፋ ሜዳ ላይ ያለውን ዋርካ ማን አጠጥቶት ያውቃል? እኔ ግን ዘመዱን ሳሎን ውስጥ አስጥሜ፣ በጎረቤቴ ዓይን አሳበብኩ።

«አስካለ…» አልኩ።

«ይቅርታ» አራት ፊደል ነው። አሁን ስጽፈው ቆጠርኩት። ያኔ አንዱም አልወጣ አለኝ።

አስካለ ሐያትን ቢላ ጠየቀቻት። ሁለት ቅጠል ያለበትን የግንዱን ጫፍ ቆረጠች። «ይቺ ደህና ናት፤ ሥር ልታወጣ ትችላለች» አለች። ብርጭቆ ውስጥ ውሃ አድርጋ አቆመቻት። ያው የዓርቡ ብርጭቆ ነው። እጇን ታጠበች።

ከዚያ ወንበሩ ላይ የተጣለውን ሻሽ አየች። አነሳችው፤ ዘረጋችው፤ ቀስ ብላ ቅጠሎቹን ሸፈነችበት።

«ለብርዱ ነው» አለች።

ጫማዋን አድርጋ ወጣች።