የእትዬ አጆዋ ለቅሶ

የትም ሰፈር ሂዱ፣ ከዝነኛ ሰው ሁሉ ጋር በእናታቸው ወገን የሚዛመዱ አንድ ሴትዮ አታጡም። የሌላው ሰፈር ሴትዮ ከዘፋኝና ከሚኒስትር ይዛመዳሉ። የእኛዋ፣ ጋና ውስጥ የኩማሲዋ፣ ክብርት እሜቴ ሰርዋ፣ ዘመዶቻቸው የሒሳብ ሊቃውንት ናቸው፤ ያውም ሴቶቹ ብቻ!

ከትምህርት ቤት መልስ የሰፈሩን ፍልፈል ልጆች ከፀጉር ቤቴ ፊት ለፊት ባለው የሽማግሌው የናና ኮጆ በረንዳ ላይ ሰብስበው ስለ እነዚህ ሊቃውንት ይተርኩላቸዋል። እኛ ዘንድ ልጅ የተወለደበትን ቀን ስም ይዞ ነው የሚመጣው፤ የሰኞ ወንድ ኮጆ፣ የሰኞ ሴት አጆዋ። እሜቴ ታዲያ የድሮ ቀን መቁጠሪያ አገላብጠው ሊቃውንቱን ሁሉ ክርስትና አነሷቸው። ኮምፒውተር ሳይፈጠር ለኮምፒውተር ሥራ የጻፈችው እንግሊዛዊት የእሑድ ልጅ ሆና ተገኘች፤ እትዬ አኮሱዋ አዳ ተባለች። ሰዎች ወደ ጠፈር የሚወጡበትን መንገድ በእርሳስ ያሰላችው ጥቁር አሜሪካዊት ደግሞ እትዬ አጆዋ ካትሪን።

“ስሟን ካላወቁ ዘመድ አትሆናቸውም። ዘመድ ካልሆነች ልጅ ምን ቤት ናት ይላታል!” ይላሉ።

አንድ ቀን ፀጉር ቤቴ ዘው አሉና ፊቱን አረፋ የቀባሁትን ደንበኛ “አንተ ልጅ፣ ምን ቀን ተወለድክ?” አሉት።

“ሐሙስ።”

“እንደ ጀርመናዊቷ እትዬ ያአ ኤሚ! እሷ አልጀብራን አገላብጣ ሠርታዋለች። አንተስ?”

ሰውዬው ግማሽ ጢሙን ይዞ ወጣ። ነፍሰ ጡር ሚስቴንማ ባዩዋት ቁጥር “አደራ፣ እሑድ እንዳትወልጂ! እሑድ ሞልቷል!” ነው።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት ናና ኮጆ በረንዳውን ለሲሚንቶ ነጋዴ አከራዩት። “ቅዳሜ ዕቃው ይገባል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ልጅ እዚህ እንዳላይ!” አሉ። ሌላ በረንዳ የሚሰጥ ጠፋ።

ዓርብ እሜቴ ልጆቹን ሊሰናበቱ ሲሉ የስድስት ዓመቷ አፍሪዬ ጠየቀች፦

“እትዬ አጆዋ መቼ ነው የምትመጣው?”

“አርፋለች እኮ የኔ ልጅ። መቶ ዓመት አልፏት ነበር።”

“ሞተች?! ለቅሶውስ?”

በረንዳው በአንድ አፍ አለቀሰ። ልጆቹ እያነቡ ቤታቸው ገቡ፤ “የእሜቴ ዘመድ አጆዋ ሞታለች!” ወሬው ደከም ባለበት እኔ ደገፍ አደረግሁት፤ በወሬ ጉዳይ ሰፈሬን አላሳፍርም።

ቅዳሜ ጠዋት በረንዳው ጥቁርና ቀይ የሐዘን ልብስ በለበሰ ሰው ተሞላ። ድንኳን፣ የላስቲክ ወንበር፣ ከበሮ! ኩማሲ ውስጥ ለቅሶ ላይ ተቀምጦ “ሟችን አላውቃትም” የሚል የለም፤ አንዷማ “ደግ ነበረች፣ በተለይ ለእኔ!” እያለች ደረቷን ትደቃለች። የሲሚንቶው መኪና መጣ። ሾፌሩ ጥቁሩን ሲያይ ሞተር አጥፍቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ ከለቀስተኛው መሃል ተቀመጠ።

ናና ኮጆ ዱላቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ሊጮሁ ነበር፤ ግን ለቅሶ ነው። እየዞሩ ሁሉንም በእጅ ጨበጡና፣ “ለመሆኑ ሟች ማን ናት?” አሉ።

እሜቴ አንገታቸውን ደፉ። አፍሪዬ ተነሳች።

“አጆዋ ናት ናና። እንደርስዎ የሰኞ ልጅ። ሰዎቹ ሰማይ ወጥተው እንዲመለሱ ሒሳቡን እሷ ሠራችላቸው።”

“ተመለሱ?”

“ተመለሱ!”

ሽማግሌው ወንበር ሳቡ። “የሰኞ ሰው እንዲህ ነው፤ የጀመረውን ይጨርሳል። ሾፌር፣ ሲሚንቶህን መልስ! እህቴ በተለቀሰችበት በረንዳ ዕቃ አይራገፍም። ልጆቹም ይምጡ፤ ቤተ ዘመድ ናቸው።”

እኔ አላለቀስኩም። ፀጉር ቆራጭ ዓይን ውስጥ ፀጉር ይገባል።

ማክሰኞ ሚስቴ ሴት ልጅ ተገላገለች። መቀሴን እንደያዝኩ በረንዳው ድረስ ሮጥኩ።

“እሜቴ! የማክሰኞ ሊቅ አለችዎት?”

ልጆቹን በሙሉ ዞር ዞር ብለው አዩ፤ ከዚያ ፊታቸው በራ።

“ማክሰኞ ገና ክፍት ነው።”