ዘጠኝ አባት ቆጥሮ መሬት ያልጠየቀው ሰው

የእኛ የመንዝ ሰው አባቶቹን የሚቆጥረው ለሁለት ነገር ነው፤ ወይ ሊያገባ፣ ወይ ሊካሰስ። ለመዝናናት ብሎ ቅድመ አያቶቹን የሚደረድር ሰው አይቼ አላውቅም ነበር፤ ስኮትላንዳዊው እስኪመጣ ድረስ።

ስኮትላንዳዊ ማለቴ እሱ ስላለ ነው እንጂ ካናዳ ተወልዶ ካናዳ ያረጀ ሰው ነው። እዚያ ነርስ የሆነችውን የአጎቴን የጋሽ ደምሴን ልጅ፣ ብርቱካንን፣ ለልጁ ሊጠይቅ ጉርድ ቀሚሱን ለብሶ ዘመሮ ድረስ መጣ። ቀሚሱን እንደ ምንም አለፍነው፤ ሱፍ ስለሆነ ለብርዱ ይሆነዋል ተባለ። አስተርጓሚው እኔ ነኝ። የእንግሊዝኛ አስተማሪ መሆን እንዲህ ያለ ጣጣ አለው።

ጋሽ ደምሴ በወጉ መሠረት ሰባት ቤት ቁጠር አሉት። እሱ ዘጠኝ ቆጠረ፤ ያውም ሳይተነፍስ! አባቶቹ ከስኮትላንድ ወደ ሰሜን አየርላንድ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግረው ካናዳ እንደገቡ ነገረን። በየዓመቱ የሚያከብሩትን «የደጋ ጨዋታ»ም በስልኩ አሳየን። ሜዳው ድንኳን በድንኳን ሆኗል፤ በየድንኳኑ አንድ ዘር ተሰብስቦ አባቱን ይቆጥራል። አንዱ ከረጢት በብብቱ እየጨመቀ ዋሽንት ይነፋል፤ አንድ ጎረምሳ ደግሞ ምሰሶ የሚያህል ግንድ ተሸክሞ ይወረውራል።

ጋሽ ደምሴ ግንዱን ከቁም ነገር አልጣፉትም። ይኼ ሁሉ ሕዝብ አባቱን ቆጥሮ ሲያበቃ ችሎቱ የት ነው አሉኝ። ችሎት የለም፣ ጨዋታ ነው አልኳቸው። መሬታቸውንስ ማን ያዘው አሉ። እሱን አይጠይቁም አልኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው! በርስትና በሚስት ቀልድ የለም፤ የእሳቸው አባት ደግሞ ዕድሜያቸውን በርስት ሙግት የጨረሱ ናቸው።

«ዘጠኝ አባት ቆጥሮ መሬቱን የማይጠይቅ ዘር፣ ነገ የልጄን ድርሻ ቢቀሟት ምን ሊያደርግላት ነው? ግንድ ሊወረውር?» አሉና ልጄን አልሰጥም ብለው ቁርጥ አደረጉት።

ብርቱካን ከካናዳ ደጋግማ ትደውላለች፤ ምን ብዬ ላንሣው? ሰውየው ስተረጉምለት ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ጥቂት አሰበና፣ ስኮትላንድ ውስጥ መሬት እኮ አለኝ አለ። እዚያ ለመታሰቢያ ያህል ብቻ ከሚሸጡት ቁራሽ ቦታዎች አንዱን ሚስቱ ለልደቱ የገዛችለት ነው። ስፋቱን በእጁ አሳየ፤ ከሰፌድ አይበልጥም። እርሻ ነው ብዬ ልተረጉም ዳድቶኝ ነበር፣ እጁ ግን ቀድሞኝ ተናገረ።

ጋሽ ደምሴ ብድግ ብለው ግንባሩን ሳሙት። እንዲህ ነው እንጂ አሉ፤ ርስት ያለው ሰው ሰው ነው! ልጅቱ ተፈቀደች። ብርቱካን በስልክ አለቀሰች፤ እኔም አላስቻለኝም።

መርቀው ሲያበቁ ጋሽ ደምሴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ይኼ መሬት ሲጀመር እንዲህ ጠባብ አልነበረም» አሉኝ። «ወሰንተኛው ማን እንደሆነ ጠይቅልኝ።»